ከምግብ በኋላ ደረት ላይ የሚመጣ ሕመም፦ ከበሉ በኋላ ስንት ደቂቃ ቆይቶ ነው የሚጀምረው?

ቀፊራ_ሐኪም

ምሳ በልቶ ደረቱን ለያዘ ሰው ድሬ ላይ የሚሰጠው የመጀመሪያ ምክር «ጨጓራህ ነው፣ ኦሜፕራዞል ግዛ» የሚል ነው። አብዛኛውን ጊዜ ነገሩ እውነትም ከምግብ መንገድ የመጣ ይሆናል። ግን ቃር፣ የጨጓራ ቁስለት፣ የሐሞት ጠጠር፣ ክኒን የላጠው ጉሮሮ፣ የቆሽት ብግነት ሁሉም ደረት ወይም ልብ ስር ይሰማሉ፤ ሕክምናቸው ለየቅል ነው። ልብም ከነሱ ጋር ተመሳስሎ ይመጣል።

ከማንኛውም ምርመራ በፊት ብዙውን የሚለየው ሰዓቱና አቀማመጡ ነው።

ጉርሻው ገና እየወረደ ሳለ ፍርምባ ስር የሚወጋ ከሆነ ችግሩ ያለው ቧንቧው ራሱ ላይ ነው፦ ቁስለት፣ ጥበት ወይም የቧንቧው ጡንቻ መኮማተር። ከተበላ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ቆይቶ የሚያቃጥል፣ ጎንበስ ወይም ጋደም ሲሉ የሚብስ፣ ጎምዛዛ ወደ አፍ የሚመልስ ቃር ነው። ቅባት ያለው ከተበላ በኋላ ቀስ ብሎ የሚጀምር፣ አንዴ ከያዘ ሳያቋርጥ ከግማሽ ሰዓት እስከ 5 ሰዓት የሚቆይ፣ ወደ ቀኝ ትከሻ የሚሄድ ሐሞትን ያስጠረጥራል። ከ2 እስከ 3 ሰዓት ቆይቶ የሚመጣ፣ ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ፣ ትንሽ ነገር ሲቀመስበት የሚተው የትንሹ አንጀት መጀመሪያ ላይ ያለ ቁስለት ሊሆን ይችላል። ቁስለቱ ራሱ ጨጓራው ላይ ከሆነ ግን መብላቱ ያብሰዋል። ልብ ስር ጀምሮ ጀርባን በስቶ የሚወጣ፣ ወደ ፊት ደፋ ሲሉ ቀለል የሚል፣ ከማያቋርጥ ማስመለስ ጋር የሚመጣ ከሆነ ቆሽት ነው፤ እሱ ቤት የሚታከም ነገር አይደለም።

ሕመሙ ቀላልና የሚመላለስ ከሆነ ለ1 ሳምንት ስልክ ላይ ይመዝገብ፦ ምን ተበላ፣ በስንት ሰዓት፣ ሕመሙ በስንት ሰዓት ጀመረ፣ ያኔ ተቀምጦ ነው፣ ተጋድሞ ወይስ እየሄደ፣ ስንት ደቂቃ ቆየ፣ በምን ተወ። የሚዋጡ መድኃኒቶች በሙሉ፣ የራስ ምታቱም ጭምር፣ ስማቸው ይጻፍ።

ድንገተኛ_ክፍል_ነርስ

ዶክተር፣ ልብን ለብቻው ላውጣው፤ ከላይ በአንድ መስመር አልፈውታል።

የሚከተለው ሲሆን መመዝገብም መሞከርም የለም፣ ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ነው። ደረት መሃል የሚጫን ወይም የሚጨምቅ ስሜት ከ15 ደቂቃ በላይ ሲቆይ። ወደ ክንድ፣ ወደ መንጋጋ ወይም ወደ ጀርባ ሲሄድ። ቀዝቃዛ ላብ፣ የትንፋሽ ማጠር ወይም ራስን የመሳት ስሜት ሲኖር። ስኳር ያለባቸው፣ በዕድሜ የገፉ ሰዎችና ሴቶች ላይ ደረቱ ጭራሽ ላያም ይችላል፤ ልብ ስር ማቃጠል፣ ማቅለሽለሽና ድንገተኛ ድካም ብቻ ሆኖ ይመጣል። የልብ የታችኛው ግድግዳ ሲጎዳ በተለይ ከጨጓራ ጋር ይምታታል፣ ማስመለስም አለው።

ከከባድ ምሳ በኋላ ደም ወደ አንጀት ስለሚበዛ ልብ ይበልጥ ይሠራል። ስለዚህ የልብ ደም ሥር የጠበበበት ሰው በልቶ በ8 ሰዓት ፀሐይ ዳገት ወይም ደረጃ ሲወጣ ደረቱን ይይዘዋል፤ ሲቆም በ5 ደቂቃ ውስጥ ይለቀዋል። «ምግቡ አልተስማማኝም» ይባላል። ሳይበላም ሲፈጥን የሚይዘው ከሆነ፣ ወይም ያው ምሳ ተበልቶ ተቀምጦ ሲቆይ የማይመጣ ከሆነ የልብ ምርመራ ይቅደም።

እስኪደረስ ድረስ፦ የአስፕሪን አለርጂ ከሌለ፣ ጥቁር ሰገራ ወይም ደም ማስመለስ ከሌለ 300 ሚሊግራም አስፕሪን በደንብ ታኝኮ ይዋጣል፤ ቤት ያለችው የ81ዷ ከሆነች 4 ፍሬ። ሕመሙ እንደ መቀደድ ሆኖ ጀርባ ላይ በድንገት ከጀመረ ግን አስፕሪኑ ይቅር። የሕመም ማስታገሻውን ዲክሎፌናክ በመርፌ አይወጉ፤ ለልብም ለጨጓራም መጥፎ ነው። ራስ መንዳት የለም፤ ባጃጅም ቢሆን ሌላ ሰው ይዞ ይሂድ። ድሬ ላይ ድል ጮራ፣ ሐረር ላይ ሕይወት ፋና ወይም ጁገል። በር ላይ «ጨጓራዬን» አይበሉ፣ «ደረቴን» ይበሉ። ደረት ለሚያመው ሰው ኢሲጂ (የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ) በደረሰ በ10 ደቂቃ ውስጥ መነሳት አለበት፤ «ጨጓራ» ያለው ሰው ወረፋ ይጠብቃል።

የመጀመሪያው ኢሲጂ ደህና ስለሆነም አይውጡ። ትሮፖኒን የሚባለው የልብ ጉዳትን የሚያሳይ የደም ምርመራ እንደ መሣሪያው ዓይነት ከ3 እስከ 6 ሰዓት ቆይቶ የሚደገመው መጀመሪያ ላይ ስለማይጨምር ነው።

ገንደቆሬ_ልጅ

አንድ ጥያቄ። ያንን ነጩን ፈሳሽ የጨጓራ አሲድ ማስታገሻ ጠጥቶ በ10 ደቂቃ ከለቀቀው ልብ አይደለም ማለት ነው አይደል? ሰፈር ውስጥ ሁሉም መለያው እሱ ነው የሚለው።

ድንገተኛ_ክፍል_ነርስ

አይደለም። የልብ ሕመም በራሱ ይመጣል፣ በራሱ ይተዋል፤ ማስታገሻው የተጠጣው ሊተው ሲል ከሆነ ምስጋናው ለማስታገሻው ይሄዳል። በተቃራኒውም ያው ነው፦ ከምላስ ስር የምትደረገዋ የልብ መድኃኒት ናይትሮግሊሰሪን ለቀቀችው ማለት ልብ ነው ማለት አይደለም፣ የተኮማተረ የምግብ ቧንቧንም ታላላለች። በመድኃኒት ምላሽ አይለይም።

በጣት ሲጫኑት ልክ እዚያው ነጥብ ላይ የሚያም ከሆነ የጎድን አጥንት መገጣጠሚያ የመሆን ዕድሉ ከፍ ይላል፤ እሱም ቢሆን ላብና የትንፋሽ ማጠር ካለ ዋስትና አይሆንም።

ቀፊራ_ሐኪም

አሁን ወደ ቃሩ። እዚህ ከተማ ብዙው ሰው የሚሰቃይበት እሱ ስለሆነ ረዘም አደርገዋለሁ።

በምግብ ቧንቧና በጨጓራ መገናኛ ላይ እንደ ቀለበት የሚዘጋ ጡንቻ አለ። ስንውጥ ይከፈታል፣ መልሶ ይዘጋል። ጨጓራ በምግብና በአየር ሲወጠር ግን ሳይዋጥም ለአፍታ ይላላል፤ ግሳት የሚወጣው በዚሁ ነው፣ አሲዱም አብሮ ይወጣል። በዚያ ላይ ከተበላ በኋላ ከምግቡ ጋር ገና ያልተቀላቀለ አሲድ ከምግቡ በላይ፣ ልክ መገናኛው ስር ይጠራቀማል። ቃር ሆድ ባዶ ሲሆን ሳይሆን ሲሞላ የሚብሰው ለዚህ ነው።

የድሬን ከሰዓት እንየው። 7 ሰዓት ላይ ቅባት የበዛበት ሩዝ በሥጋ፣ 8 ሰዓት ላይ በርጫ። ጫት ጨጓራ ምግቡን ወደ አንጀት የሚያወርድበትን ፍጥነት ይቀንሳል፤ ምሳው ማታም እዚያው ነው። አፍን ያደርቃል፤ ቧንቧው ላይ የቀረውን አሲድ አጥቦ የሚያወርደው ደግሞ ምራቅ ነው። ትራስ ተደግፎ ወገብን አጥፎ ለሰዓታት መቀመጥ ሆድን ይጨቁናል። ለስላሳው ጋዝ ይጨምራል፣ ሲጋራው ያንን ቀለበት ጡንቻ ያላላል። ከዚያ የምግብ ፍላጎት ስለሚጠፋ እራት ወደ ሌሊቱ 5 ሰዓት ይገፋል፤ ጨብሲም ከተጨመረ አልኮሉ ጡንቻውን ደግሞ ያላላዋል። ተበልቶ ወዲያው ይተኛል። እያንዳንዱ ለብቻው ትንሽ ነው፣ ተደራርበው ነው ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ደረት እየተቃጠለ የሚያስነሱት።

የሚሠራው ማስተካከያ ይህ ነው። በምሳና በበርጫ መካከል ቢያንስ 2 ሰዓት ይኑር፣ ምሳውም ይቅለል። ለስላሳው በውሃ ይተካ። እራት ከመኝታ 3 ሰዓት ቀድሞ ይለቅ፤ ፍላጎት ከሌለ ሾርባና ዳቦ በቂ ነው፣ ሌሊት ከሚበላ ክትፎ ይሻላል። የአልጋው የራስጌ እግሮች ስር ከ15 እስከ 20 ሴንቲሜትር ከፍታ ያለው እንጨት ወይም ብሎኬት ይግባ። ትራስ መደራረብ አይሠራም፤ አንገትን ያጥፋል፣ ሆድን ይጨቁናል፣ ደረት ግን እዚያው ዝቅ እንዳለ ይቀራል። መሬት ላይ ፍራሽ ለሚተኛ ሰው ከፍራሹ ስር ከወገብ ጀምሮ ወደ ራስጌ እየወፈረ የሚሄድ የታጠፈ ብርድ ልብስ ይሁን። በግራ ጎን ይተኙ፤ ያኔ ጨጓራው ከመገናኛው በታች ይሆናል። በቀኝ ጎን መገልበጡ አሲዱን በቀጥታ ወደ መገናኛው ያፈሰዋል።

ውፍረት ላለው ሰው ግን ከዚህ ሁሉ የበለጠ የሚሠራው ክብደት መቀነስ ነው። ቀበቶና ሽርጥ ሆድ ላይ አጥብቆ ማሰርም ይቅር።

መጋላ_77

አቦ፣ ሁሌ ጫት ላይ ነው የምትወርዱት! ቅጠል ነክቶ የማያውቅም ቃር ይዞት ሲያድር እናያለን።

ቀፊራ_ሐኪም

ልክ ነህ ወንድሜ፣ ያልቃመም ይይዘዋል። እርግዝና አለ፣ ውፍረት አለ፣ የጨጓራው የላይኛው ክፍል በድያፍራም ቀዳዳ ወደ ደረት የሚወጣበት ሁኔታ አለ። መድኃኒትም አለ፦ ለደም ግፊት የሚሰጡት አምሎዲፒንና ኒፌዲፒን ያንኑ ቀለበት ጡንቻ ያላላሉ። በራስ ውሳኔ አይቆሙም፤ ለሐኪም ነግሮ ዓይነቱን ማስቀየር ይቻላል።

ጫት ላይ ደጋግሜ የምወርደው ግን በሌላ ምክንያትም ነው። የልብ ደም ሥሮችን ያጠባል፣ ግፊትና የልብ ምትን ያፈጥናል፣ ከልብ ድካም አደጋ ጋርም ተያይዟል። እየቃመ ወይም ከበርጫ ተነስቶ ደረቱን የያዘው ሰው «ሳልበላ ቅሜ ነው» ብሎ መተኛት የለበትም።

ሳቢያን_ሥነ_ምግብ

ስለ ምግቡ ጥቂት ልጨምር።

ሳምቡሳ፣ ባጅያ፣ በዘይት የተጠበሰ ፈጢራ ችግራቸው ቅመሙ ሳይሆን ዘይቱ ነው። ቅባት ጨጓራ ውስጥ ረጅም ሰዓት ይቆያል፣ ወደ ትንሹ አንጀት ሲደርስ የሚያስወጣው ሆርሞን የመገናኛውን ጡንቻ ያላላል፣ ያው ሆርሞን ሐሞት ከረጢትንም ያስጨምቃል። ቃርም የሐሞት ሕመምም በአንድ ሳህን የሚቀሰቀሰው በዚህ ነው። ዘይቱ በደንብ ሳይግል የተጠበሰ ሳምቡሳ ዘይት ይመጥጣል፤ ወረቀት ላይ ዘይቱ ተንጠፍጥፎ ቢበላ የተሻለ ነው።

ሚጥሚጣና ዳጣ ቁስለት አይፈጥሩም። ቁስለቱን የሚፈጥሩት በዋናነት ኤች ፓይሎሪ ባክቴሪያና እንደ ዲክሎፌናክ ያሉ የሕመም ማስታገሻዎች ናቸው። ሚጥሚጣ የሚያደርገው የተላጠ ቧንቧ ላይ የሚያቃጥለውን ነርቭ መቀስቀስ ነው፤ ቧንቧው እስኪድን መቀነስ እንጂ ዕድሜ ልክ መተው አያስፈልግም። ሁሉንም በአንድ ቀን ከከለከሉ ደግሞ ጥፋተኛው የቱ እንደሆነ አይታወቅም። አንድ ነገር ለ2 ሳምንት ተትቶ ይታይ፣ ከዚያ ተመልሶ ይሞከር፣ ቀጥሎ ሌላው። ቡና፣ ቲማቲም ስልስ የበዛበት ፓስታ፣ ቸኮሌት፣ ናና፣ ብርቱካን ጭማቂ መጀመሪያ የሚፈተኑት ናቸው።

ረመዳን ላይ አፍጥር ሲደርስ ተምርና ውሃ፣ ቀጥሎ ሾርባ፤ ከዚያ መግሪብ ተሰግዶ ዋናው ምግብ። ሳምቡሳው በባዶ ሆድ ላይ 5 ፍሬ በአንድ ትንፋሽ ከሚሆን 2ቱ ከሾርባው ጋር ይሁን። ከሱሁር በኋላ ወዲያው መተኛት ከአፍጥሩ ብዛት የባሰ ቃር ያመጣል፤ ስለዚህ ሱሁሩ ይቅለል፣ ሱብሂ ተሰግዶ ቀና ብሎ ትንሽ ይቆይ።

ጀጎል_ሰፈር

ቤት ውስጥ ስለሚደረገው ማንም አላነሳም። ተልባ፣ አብሽ፣ ወተት፣ ቤኪንግ ሶዳ። እናቶች የሚጀምሩት ከነሱ ነው።

ሳቢያን_ሥነ_ምግብ

ተልባ ውሃ ሲያገኝ የሚያወጣው ሙጫ ጉሮሮን ለጊዜው ያለሰልሳል፤ ተቆልቶ የተፈጨ 1 የሾርባ ማንኪያ በ1 ብርጭቆ ውሃ ጉዳት የለውም። መድኃኒት የሚወስድ ሰው በ2 ሰዓት ያራርቀው፤ ሙጫው መድኃኒቱን ያዘገያል። ምግብ የሚተናነቀው ሰው ግን ደረቅ ተልባ በትንሽ ውሃ አይዋጥ፣ አብጦ ሊዘጋ ይችላል። አብሽ የደም ስኳር ያወርዳል፤ የስኳር መድኃኒት ወይም ዋርፋሪን (የደም ማቅጠኛ) ለሚወስድ ሰው በብዛት አይሆንም።

ወተት፣ የላምም የግመልም፣ ለጥቂት ደቂቃ ያበርዳል። ፕሮቲኑና ካልሲየሙ ግን ጨጓራ ተጨማሪ አሲድ እንዲያመነጭ ያደርጋሉ፤ መኝታ ላይ 1 ትልቅ ብርጭቆ ጠጥቶ መተኛት ሌሊቱን ያብሳል።

ቤኪንግ ሶዳው ይቅር። ግማሽ የሻይ ማንኪያ ብቻ ከ600 ሚሊግራም በላይ ሶዲየም አለው፤ ግፊት፣ የልብ ወይም የኩላሊት ችግር ላለበት ሰው ከባድ ነው። ጥግብ ብሎ በልቶ የጠጣው ሰው ጨጓራ ውስጥ የሚፈጠረው ጋዝ ደግሞ አደገኛ ውጥረት ያመጣል። ፌጦና ነጭ ሽንኩርት በባዶ ሆድ የተላጠ ቦታን ከማቃጠል ሌላ ጥቅም የላቸውም።

ድሬ_ፋርማሲስት

ኦሜፕራዞል አልሠራም ብለው ከሚመለሱት አብዛኞቹ የወሰዱት ሲያማቸው ነው። ይህ መድኃኒት የሚዘጋው ምግብ ሲመጣ የሚነቁትን የአሲድ ፓምፖች ነው። ስለዚህ 20 ሚሊግራም ከቁርስ 30 እስከ 60 ደቂቃ በፊት፣ በውሃ፣ በየቀኑ ይወሰዳል። በልቶ መዋጥ ጥቅሙን ያጎድላል። ሙሉ ኃይሉ የሚታየው ከ3 እስከ 5 ቀን ስለሆነ በ1 ቀን ተስፋ አይቁረጡ። ለቃር ከ4 እስከ 8 ሳምንት ነው፤ ምልክቱ የሚመጣው ሌሊት ብቻ ከሆነ ሐኪም ከእራት በፊት ሊያዞረው ይችላል። ለጾመኛ፦ በአፍጥር ተምርና ውሃ ላይ ተውጦ ከሰላት በኋላ መብላት ሰዓቱን በራሱ ያስተካክለዋል።

ካፕሱሉ ውስጥ ያሉት ጥቃቅን ፍሬዎች አይታኘኩም፣ አይፈጩም፤ ሽፋናቸው ከተሰበረ አሲዱ ይበላቸዋል። ካፕሱል መዋጥ የማይችል ከፍቶ በ1 ማንኪያ እርጎ ላይ በትኖ ሳያኝክ ይዋጠው። ክሎፒዶግሬል የሚወስድ የልብ ሕመምተኛ ኦሜፕራዞል አይውሰድ፣ የዚያን ኃይል ይቀንሳል፤ ፓንቶፕራዞል ይሻላል። መድኃኒቱ በድሬ ሙቀት መኪና ውስጥ ወይም ቆርቆሮ ጣሪያ ስር አይቀመጥ።

ነጩ ፈሳሽ አሲዱን ያከሽፋል እንጂ አያቆምም። ጠርሙሱ በደንብ ተወዝውዞ 10 ሚሊሊትር ከምግብ 1 ሰዓት በኋላና መኝታ ላይ ይጠጣል። አሉሚኒየሙ ያደርቃል፣ ማግኒዥየሙ ያስቀምጣል፤ ተቀላቅለው የሚመጡት ለዚህ ነው። ኩላሊት የደከመበት ሰው አይጠጣው። ሲፕሮፍሎክሳሲን ከሱ 2 ሰዓት ቀድሞ ወይም 6 ሰዓት ቆይቶ ይወሰድ፤ ብረት፣ ዶክሲሳይክሊንና ቴትራሳይክሊንም በጥቂቱ 2 ሰዓት ይራቁት። አብረው ከተዋጡ አንቲባዮቲኩ ሳይሠራ ይወጣል።

አንድ የሚረሳ ምክንያት ደግሞ ክኒኑ ራሱ ነው። ለወባ መከላከያ ወይም ለሌላ ኢንፌክሽን የሚሰጠው ዶክሲሳይክሊን፣ ለነፍሰ ጡር የሚሰጠው ብረት፣ አስፕሪን፣ ኢቡፕሮፌን፣ ለአጥንት የሚሰጠው አሌንድሮኔት ቧንቧው መሃል ላይ ተጣብቀው ከቀሩ ይልጡታል። ብዙውን ጊዜ ይህን የሚያመጣው አወሳሰድ መኝታ ላይ፣ በጉንጭ ውሃ፣ ተውጦ ወዲያው መጋደም ነው። በቅሚያ ሰዓት ደርቆ በነበረ አፍ የሚዋጥ ከሆነ የባሰ ነው። ከጥቂት ሰዓት እስከ 2 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ምራቅ መዋጥ እንኳ ደረት መሃል ይወጋል። መድኃኒቱ በሐኪም ከተቀየረ አብዛኛው በጥቂት ቀናት፣ አንዳንዴ በ2 ሳምንት ይድናል።

መከላከያው ቀላል ነው፦ 1 ሙሉ ብርጭቆ ውሃ፣ ቆሞ ወይም ቀና ብሎ ተቀምጦ፣ ከተዋጠ በኋላም 30 ደቂቃ ሳይጋደሙ። ዶክሲሳይክሊን ከምግብ ጋር መሆን ይችላል። አሌንድሮኔት ግን በባዶ ሆድ ብቻ ነው።

ላብ_ቴክ_ሐረር

«ኤች ፓይሎሪ ፖዘቲቭ» የሚል ወረቀት ይዞ መድኃኒት የሚጀምር ሰው ምርመራው በደም ነበር ወይስ በሰገራ ብሎ ይጠይቅ። የደሙ ካርድ የሚያሳየው ሰውነት ባክቴሪያውን አግኝቶት እንደሚያውቅ ነው፤ ታክሞ ከዳነም በኋላ ለዓመታት ፖዘቲቭ ይላል። አሁን መኖሩን የሚናገረው የሰገራ አንቲጅን ወይም የትንፋሽ ምርመራው ነው።

ውጤቱ እንዳይሳሳት ኦሜፕራዞልና መሰሎቹ 2 ሳምንት፣ አንቲባዮቲክና ቢዝመዝ (ሌላ የጨጓራ መድኃኒት) 4 ሳምንት ቀድመው መቆም አለባቸው፤ አለበለዚያ ባክቴሪያው እያለ ኔጋቲቭ ይወጣል። ናሙናው በንጹሕ ዕቃ፣ ሽንት ሳይነካው፣ በዚያው ጠዋት ይምጣ። የሚዘገይ ከሆነ ፍሪጅ ውስጥ ይቀመጥ እንጂ በድሬ ሙቀት በባጃጅ ከሰዓት ድረስ አይዙር።

ሕክምናው ካለቀ ከ4 ሳምንት በኋላ መጥፋቱ በሰገራ ምርመራ ይረጋገጥ። ይህን ደረጃ የሚያደርገው ሰው ጥቂት ነው።

ድሬ_ፋርማሲስት

ለዚያ ባክቴሪያ በብዛት የሚታዘዘው ኦሜፕራዞል 20 ሚሊግራም፣ አሞክሲሲሊን 1 ግራምና ክላሪትሮማይሲን 500 ሚሊግራም ነው፣ ሦስቱም በቀን 2 ጊዜ ለ14 ቀን። ፔኒሲሊን የማይስማማው ሰው ቀድሞ ይናገር። በ5ኛው ቀን ሕመሙ ጠፋ ብሎ ማቆም የቀረውን ባክቴሪያ ለመድኃኒት ያለማምደዋል። እዚህ አካባቢ የሚነገር ነገር፦ ጫት የአምፒሲሊንን ወደ ደም መግባት በግልጽ ይቀንሳል፣ የአሞክሲሲሊንንም በመጠኑ። በነዚህ ቀናት መቃም ካልቀረ አንቲባዮቲኩ ከቅሚያ 2 ሰዓት በኋላ ይወሰድ።

አልትራሳውንድ_ክፍል

ሐሞትን በተመለከተ፦ ለምርመራው ከ6 እስከ 8 ሰዓት ሳይበሉ ይምጡ። የበላ ሰው ሐሞት ከረጢት ተጨምቆ ስለሚጠብ ጠጠሩ ሊታይም ላይታይም ይችላል። ወተት የገባበት ሻይም መብላት ነው። ውሃ ይቻላል፣ መድኃኒትም በውሃ ይዋጣል።

ጠጠር ታየ ማለት ደግሞ ደረቱን የሚያሳምመው እሱ ነው ማለት አይደለም። ምንም ሳያማቸው ጠጠር ይዘው የሚኖሩ ብዙ ናቸው፤ እነሱ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ቀዶ ሕክምና አይደረግም። የሕመሙ ሰዓትና ቦታ መመዝገቡ እዚህ ላይ ይጠቅማል፦ ዶክተር ከላይ እንደጻፉት ቅባት ተከትሎ የሚመጣ የማያቋርጥ ሕመም ከሆነና ጠጠርም ከታየ ለቀዶ ሐኪም ይላካል። ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ የዓይን ቢጫ መሆን ከሕመሙ ጋር ከመጡ ጠጠሩ መውጫውን ዘግቶ ኢንፌክሽን ገብቷል፤ በዚያው ቀን ሆስፒታል ነው።

ገንደቆሬ_ልጅ

ኢንዶስኮፒስ፣ በአፍ ወደ ጨጓራ የሚገባው ካሜራ፣ መቼ ነው? ሁሉም ሰው ያስፈልገዋል?

ቀፊራ_ሐኪም

ሁሉም አያስፈልገውም። የሚያስፈልገው፦ ምግብ የሚተናነቀው፣ ሳያስበው የከሳ፣ ደም ያስመለሰ ወይም ሰገራው እንደ ሬንጅ የጠቆረ (ብረት የሚወስድ ሰው ሰገራም ስለሚጠቁር ይጠየቅ)፣ ደም ማነስ የተገኘበት፣ ከ60 ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ የጀመረው፣ ወይም ኦሜፕራዞልን በትክክል ለ8 ሳምንት ወስዶ ያልተሻለው።

መተናነቁ እንዴት እንደጀመረ ይለያል። ከመጀመሪያው ጀምሮ ውሃውም እንጀራውም እኩል የሚይዝ ከሆነ ቧንቧው የመግፋት ሥራውን አቁሞ ይሆናል። መጀመሪያ ሥጋና ዳቦ፣ ቀጥሎ ሩዝ፣ በመጨረሻ ሾርባ መያዝ ከጀመረ ግን ቧንቧው እየጠበበ ነውና ካንሰር ሳይጣራ ቀን አይለፍ። ከእኛ ብዙም በማይርቁት በአርሲና በባሌ የምግብ ቧንቧ ካንሰር በብዛት ይታያል። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በ2016 እ.ኤ.አ. ከ65 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ትኩስ የሆነ መጠጥን «ካንሰር ሊያመጣ እንደሚችል በሚገመት» ምድብ አስገብቶታል። ሻሂው እየፈላ አይጠጣ፣ ጥቂት ደቂቃ ይቆይ።

ለምርመራው 8 ሰዓት ጾም ነው፤ ማደንዘዣ ከተሰጠ የሚያደርስ ሰው ይዞ ይምጣ፣ በዚያ ቀን አይነዳም።

ደግሞ ይህን አልጻፍኩም፦ ደጋግሞ በኃይል ካስመለሰ በኋላ ድንገት የጀመረ ከባድ የደረት ሕመም ቧንቧው ተቀዶ ሊሆን ስለሚችል ምንም ሳይበላ ሳይጠጣ ወዲያው ድንገተኛ ክፍል።

ሐረር_አዋላጅ

ለነፍሰ ጡሮች፦ በመጨረሻዎቹ ወራት ቃር የተለመደ ነው፤ ሆርሞኑ ጡንቻውን ያላላል፣ ማህፀኑ ከታች ይገፋል። ትንሽ ትንሽ በቀን 5 ጊዜ መብላት፣ በግራ መተኛት፣ ካልሲየም ካርቦኔት ያለበት ማስታገሻ። ሶዳ የለም፣ ዲክሎፌናክና ኢቡፕሮፌን የለም። ከ20 ሳምንት በኋላ ልብ ስር ወይም በቀኝ ጎድን ስር የጀመረ ሕመም ራስ ምታት ወይም የዓይን ብዥታ ካለበት ግን ቃር ነው ተብሎ አይታለፍ፤ ግፊቱ በዚያው ሰዓት ይለካ።

መጋላ_77

ኦሜፕራዞል ለወራት የወሰደ ሰው ሲያቆም ከበፊቱ የባሰ ያቃጥለዋል። ሱስ ያስይዛል ማለት ነው?

ድሬ_ፋርማሲስት

ሱስ አይደለም። ፓምፑ ተዘግቶ ሲቆይ ሰውነት አሲድ የሚያዘውን ሆርሞን ያበዛል፤ መድኃኒቱ በድንገት ሲቆም የተጠራቀመው ትእዛዝ አሲዱን ያፈሰዋል። ለጥቂት ሳምንት ይቆይና ይረጋጋል። ስለዚህ ከ2 ወር በላይ የወሰደ ሰው 20 ሚሊግራሙን ለ2 ሳምንት በየሁለት ቀኑ ያድርግ፣ ከዚያ ያቁም፤ በመሃል ሲያቃጥለው ነጩን 10 ሚሊሊትር ይጠጣ። ቁስለቱ ደምቶ የነበረ፣ በየቀኑ አስፕሪን ወይም የደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው ግን ሳይነገረው አያቁም፣ ለሱ የታዘዘው ለመከላከያ ነው። ለዓመታት የሚቀጥል ሰው ቢ12ና ማግኒዥየሙን በየጊዜው ያስለካ።